ጃቫኤፍኤክስ፦ ኮንትሮለሩ ኑል ይላል፣ አማርኛውም አልከፈት አለኝ

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦
ሰላም ናችሁ? ለአጎቴ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም በጃቫኤፍኤክስ (በጃቫ መስኮትና በተን መሥሪያ) እየሠራሁ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲሠራ ይፈልጋል። ሁለት ነገር አቃጠለኝ። አንደኛ፣ ኮንትሮለሩ (ስክሪኑን የሚመራው ክላስ) ሲፈጠር በሚሮጠው ኮንስትራክተር ውስጥ የዋጋውን ሌብል ልቀይር ስል ኑል ፖይንተር፣ ማለትም «የፈለግሽው ነገር የለም» የሚል ስህተት፣ ይጥላል። የስክሪኑ አቀማመጥ በሚጻፍበት የኤፍኤክስኤምኤል ፋይል ላይ መለያውን ሰጥቼዋለሁ፣ ስፔሊንጉንም አሥር ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ በተኑ ላይ ፐርሰንት አድርጌ የቁልፉን ስም ስጽፍ «ኖ ሪሶርስስ ስፔሲፋይድ» ብሎ ጭራሽ አይከፈትም። ጃቫ 8 ነው። የአጎቴ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ነው፣ አትሳቁብኝ።

ቀስ በቀስ፦
ምን ያስቃል እህቴ፣ እኔም ቢሮ 8 ላይ ነኝ። የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ኤፍኤክስኤምኤሉን የሚከፍተው ሎደር መጀመሪያ ኮንትሮለሩን ይፈጥራል፤ ኮንስትራክተሩ የሚሮጠው ያኔ ነው። ሌብልሽ ገና አልተወለደም። ከዚያ ፋይሉን እያነበበ ሌብሉንም በተኑንም ይሠራና ኮንትሮለሩ ውስጥ ያስገባቸዋል። ኢኒሻላይዝ የሚባለውን ሜተድ የሚጠራው ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮዱን ከኮንስትራክተሩ አውጥተሽ እዚያ ውሰጂው። ሜተዱ ፕራይቬት (ከክላሱ ውጭ የማይታይ) ከሆነ የኤፍኤክስኤምኤል አኖቴሽኑን፣ በ@ የሚጀምረውን ምልክት፣ ከላዩ አትርሺ። ያለሱ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስህተት እንኳ አይነግርሽም። እኔን ግማሽ ቀን በልቶኛል።

የፒያሳ ልጅ፦
ሁለተኛው ቀላል ነው። ፐርሰንት ማለት «ይህን ቁልፍ ከሪሶርስ ባንድሉ (የየቋንቋው ትርጉም ከተቀመጠበት) ፈልገህ አምጣ» ማለት ነው። አንቺ ግን ባንድሉን ለሎደሩ አልሰጠሽውም። ሎድ ከማለትሽ በፊት ስጪው። ከሎድ በኋላ ብትሰጪው ዋጋ የለውም። ኮንትሮለሩ ውስጥም ትርጉሙ ካስፈለገሽ ሪሶርስስ የሚል ስም ያለው የሪሶርስ ባንድል ፊልድ ከነአኖቴሽኑ አስቀምጪ፣ ሎደሩ ራሱ ይሞላልሻል። ስሙ ግን ልክ እንደዚያው መሆን አለበት።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦
ሁለቱም ሠሩ! ተባረኩ። ግን አማርኛው ጉድ ሆነ። «ሽያጭ» የሚለው ቦታ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ከምናምን ምልክት ጋር ተደርድሯል። ፎንት ጭኜ ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም።

ቀስ በቀስ፦
ፎንቱን ተዪው፣ እሱ አይደለም። ባዶ ሳጥን ሳጥን ቢወጣ ነበር ፎንት የምንለው። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ኮድ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ጃቫ 8 ግን ትርጉሞቹ ያሉበትን ፕሮፐርቲስ ፋይል የሚያነበው እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚቆጥረው ላቲን-1 ነው፣ አንዱን ፊደል ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም ፊደሎቻችን አንድ ስለሆነ ነው ያ ባለ ጭረት ኤ የሚደጋገመው። ከጃቫ 9 ጀምሮ በዩቲኤፍ-8 ስለሚነበብ ችግሩ የለም። 8 ላይ ከቀረሽ ከጄዲኬው (ከጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ጥቅሉ) ጋር የሚመጣ ኔቲቭ-ቱ-አስኪ የሚባል መሣሪያ አለ። ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ ቁጥሩ ይቀይርልሻል፤ ለምሳሌ «ሀ» 1200 ነው። ኦሪጅናሉን ፋይል ግን ለብቻው አስቀምጪ፣ የተቀየረውን ማንም ሰው አያነበውም።

ሻይ በሎሚ፦
ልጨምር። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካየሽ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ኤዲተሩ ሲያስቀምጥ ፊደሉን ጥሎታል ማለት ነው። ያ አይመለስም፣ እንደገና መጻፍ ነው። ፎንቱን በተመለከተ፣ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ይኖራል ብለሽ አትመኪ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፕሮግራሙ ጋር አብረሽ አሽጊው።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦
አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ! አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ስመርጥ አማርኛ ይመጣል። አሾፈብኝ እንዴ? እንግሊዝኛው ያለ ቅጥያው ዋናው ፋይል ላይ ነው፣ አማርኛው ኤኤም የሚል ቅጥያ ባለው።

የፒያሳ ልጅ፦
ዊንዶውሱ በአማርኛ ነው የተስተካከለው አይደል? ጃቫ የእንግሊዝኛ ቅጥያ ያለው ፋይል ሲያጣ ቀጥታ ወደ ዋናው አይሄድም። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቋንቋ ይሞክራል። አማርኛሽን እዚያ አገኘውና ይዞ መጣ። ኢኤን የሚል ቅጥያ ያለው ባዶ ፋይል ፍጠሪ። አዎ፣ ባዶ። እሱን ካገኘ በኋላ የጎደለውን ቁልፍ ከዋናው ፋይል ይወስዳል።

ሻይ በሎሚ፦
ቋንቋ ሲቀየርም የተከፈተው ስክሪን በራሱ አይቀየርም፣ ፐርሰንቱ የሚነበበው ሎድ ሲደረግ ብቻ ነው። ኤፍኤክስኤምኤሉን በአዲሱ ባንድል ደግመሽ ሎድ አድርጊው። ኮንትሮለሩም አዲስ ስለሚሆን በግማሽ የተሞላ ደረሰኝ ካለ አስቀድመሽ ሌላ ቦታ ያዢው።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦
ባዶው ፋይል ሠራ፣ አላምንም! ደረሰኙን ግን አንዴ አጥፍቼዋለሁ፣ መልእክቱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። አጎቴ ቋንቋ መቀየሪያውን ከዋናው ስክሪን ላይ አንሺው፣ ጠዋት ሲከፈት ብቻ ይመረጥ ብሏል። እንደዚያው አደርጋለሁ።