የቱሊፕ መትከያው በቀይ አፈር አልገባ አለኝ፣ ምን ልጠቀም?

ጀማሪ_ከቨርጂኒያ፦
ሰላም ጓሮ ወዳዶች። ቅዳሜ 60 የቱሊፕ አበባ ባልብ ገዛሁ፣ ያው ሽንኩርት የሚመስለውን፣ እግረ መንገዴን ደግሞ ያቺን ጣሳ የምትመስል፣ ከላይ እጀታ ከታች ጥርስ ያላትን መትከያ አነሳሁ። ካርቶኑ ላይ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ባንድ እጇ ትሰካዋለች፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ታግዬ ያወጣሁት 7 ጉድጓድ ነው። አፈራችን ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ጡብ ሲርስ ሊጥ። 2 ኢንች ገባ ሲል ይቆማል፣ የገባውም አፈር ጣሳው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና በእንጨት እየወጋሁ ነው የማወጣው። የእጄ አንጓ አብጦ ምጣድ ማንሳት አቃተኝ እኮ። ሌላ መሣሪያ አለ ወይስ እኔ ነኝ አጠቃቀሙን ያላወቅኩት? ጥልቀቱንስ አንዱ 4 አንዱ 8 ይላል፣ የቱን ልመን?

ዶማ_ወዳጅ፦
እህቴ አይዞሽ፣ መሣሪያው ሳይሆን አፈሩ ነው። ከመትከልሽ አንድ ቀን በፊት ቦታውን ውሃ በደንብ አጠጪውና በማግስቱ ሞክሪ፣ እየቆፈርሽ ግን አታጠጪ ጭቃ ይሆንብሻል። የጣሳውን ጠርዝ በሞረድ ሳል ሳል አርጊው፣ ከሱቅ ሲመጣ ደንዝዞ ነው የሚመጣው። ቀጥ አርገሽ አትጫኚው፣ ግራ ቀኝ እያዞርሽ ነው የሚገባው። ለ60 ባልብ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን ጉድጓድ በጉድጓድ አልለፋም፣ በአካፋ አንድ ሰፋ ያለ ቦይ 7 ኢንች ያህል አውጥቼ ታቹን በጓሮ ሹካ አላልቼ፣ ኮምፖስት ቀላቅዬ፣ ባልቦቹን በ5 ኢንች ርቀት ደርድሬ አፈሩን እመልስበታለሁ። በአንድ ከሰዓት አለቀ። አሸዋ ቀላቅይ የሚልሽን አትስሚ፣ ሸክላ ላይ ትንሽ አሸዋ ሲጨመር እንደ ሲሚንቶ ነው የሚደርቀው።

ብስክሌት_ሆላንድ፦
እኔ ሆላንድ ነው ያለሁት፣ ቱሊፕ የሚመረትበት ሊሰ የሚባል ከተማ አካባቢ አፈሩ ከባሕሩ ዳር ያለ አሸዋማ ነው፣ እዚያ ያቺ ጣሳ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ነው የምትገባው። አንቺ ግን ሸክላ ላይ ሆነሽ የአሸዋ መሣሪያ ነው የያዝሽው ለማለት ነው። ሌላ ከመግዛትሽ በፊት አፈርሽን እይ። አንጓሽ ካመመሽ ደግሞ ቆመሽ በእግር የምትረግጪው ረጅም እጀታ ያለው አለ፣ ክብደትሽ ይሠራልሻል እጅሽ ያርፋል። ሳር መሃል አንድ አንድ ለመትከል ከሆነ ደግሞ የጃፓኖቹ ሆሪሆሪ የሚባለው ጩቤ መሳይ ነገር ይሻላል፣ ስለቱ ላይ መለኪያ ስላለው ጥልቀቱን እያየሽ ነው።
ጥልቀቱ ላይ ሁለቱም አልዋሹሽም፣ የባልቡ ቁመት ሦስት እጥፍ ነው ልኩ፣ ለቱሊፕ ከ6 እስከ 8 ኢንች ይመጣል፣ ከላይ እስከ ባልቡ መቀመጫ ነው የሚለካው። 4 ያለሽ ምናልባት ስለ ክሮከስ አይነት ትንንሾቹ አበቦች ነው ያወራው። ሹሉ ወደ ላይ!

ድሪል_ይዤ፦
ሁላችሁም ድሪል ረሳችሁ 😄 ለባልብ ተብሎ የሚሸጥ 3 ኢንች ስፋት ያለው ጠምዛዛ ብረት አለ፣ ባትሪ ድሪል ላይ ይገጠማል፣ እኔ አምና 100 የዳፎዲል አበባ ባልብ በሁለት ሰዓት ነው የጨረስኩት። ግን ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ አርጊውና በሁለት እጅ ያዢ፣ የዛፍ ሥር ወይ ድንጋይ ከነካ ድሪሉ ራሱ ይዞርና አንጓሽን ይጠመዝዘዋል፣ ደርሶብኝ ነው የምነግርሽ። ሌላው፣ እርጥብ ሸክላ ላይ የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ገንቦ ተለስኖ ይቀራል፣ ውሃ ያቁርና ባልቡ ይበሰብሳል። ግድግዳውን በአሮጌ ሹካ ጫር ጫር አርጊለት።

ጀማሪ_ከቨርጂኒያ፦
ተባረኩ! ትናንት ማታ አጠጣሁ፣ ዛሬ ባለቤቴ ቦዩን በአካፋ አወጣልኝ፣ 40 ተክለናል። ግን የመጀመሪያዎቹን 7ቱን ጠዋት ስሄድ 3ቱ ጉድጓድ ተከፍቶ ባልቡ የለም!!

ዶማ_ወዳጅ፦
ስኩዊረል ነዋ፣ ያቺ ዛፍ ላይ የምትሮጠው ትንሽ እንስሳ 😂 ቱሊፕ ለሷ ድግስ ነው። አፈሩን ከመለስሽ በኋላ የዶሮ ቤት መረብ ሽቦ ከላይ አንጥፊና ጫፉን በድንጋይ ያዢው፣ ጸደይ ላይ ቡቃያው ብቅ ሲል አንሺው። ደግሞ የባልቡን ቅርፊት መሬት ላይ አትበትኚ፣ ሽታውን ተከትላ ነው የምትመጣው። በየዓመቱ እንዳትናደጂ ከፈለግሽ ዳፎዲል ቀላቅለሽ ትከዪ፣ እሱ መርዛም ስለሆነ አትነካውም።

ናፍቆት_አዲስአበባ፦
ጣልቃ ልግባና፣ አዲስ አበባ ባልብ ቢላክልኝ ያብባል?

ብስክሌት_ሆላንድ፦
ቱሊፕ 12 ሳምንት ያህል የፍሪጅ አይነት ብርድ ካላገኘ አያብብም፣ ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ መትከል ነው። ከፖምና ሙዝ ጋር ግን አታስቀምጪው፣ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ውስጡ ያለውን አበባ ይገድለዋል።