እግሬ እምቢ አለኝ፣ እሁድ ውድድር አለብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሱሉልታ27፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እሁድ 10 ኪሎ ሜትር እወዳደራለሁ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት እንጦጦ 12 ልሮጥ ወጥቼ 7ኛው ላይ ቆምኩ። ትንፋሼ ደህና ነው፤ እግሬ ግን ግንድ ሆኗል፣ ደረጃ ስወጣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ካደረገኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ይሆን? በምን ይወጣል?

የጃንሜዳው፦ ወንድሜ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ማሳጅ ተደረግ። ያልፋል።

ኮሮኮንች፦ ላክቲክ አሲዱን እርሳው። ሩጫ ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጸዳል፤ ሁለት ሳምንት እግር ላይ አይቀመጥም። ሳምንትህ እንዴት ነው?

ሱሉልታ27፦ ማክሰኞና ሐሙስ ኢንተርቫል (በፍጥነት ሮጦ እያረፉ መደጋገም)፣ ቅዳሜ አስፋልት፣ ሌላው ሦስት ቀን ቀላል። በቀላሉም ከቡድኑ ላለመቅረት እየታገልኩ ነው። ሴት ነኝ ደግሞ።

ኮሮኮንች፦ ይቅርታ እህቴ። እየታገሉማ ቀላል የለም! ቀላል ማለት ከጎንሽ ካለችው ጋር ወሬ ሳይቆረጥ የሚሮጥ ነው። ከዚያ ካለፍሽ ጡንቻሽ ያስቀመጠውን ስኳር በፍጥነት ትጨርሺዋለሽ፤ በደንብ በልተሽም ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። አንቺ ሳይሞላ በማግስቱ ትደግሚዋለሽ። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ታች የሚቀልሽ ፍጥነት እዚያ ይከብዳል። እኛ በቀላል ቀን ጫካ ገብተን በዛፎቹ መሃል ዚግዛግ የምንሮጠው ፍጥነቱ እንዳያመልጠን ነው።

የድሮ ሯጭ፦ ልጆቼ፣ አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲያሸንፍ ስለ ስኳር ማን አወራ? ድካም ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጨክነሽ ሩጪ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ በዚህስ አልስማማም። ደረጃ ላይ የሚንቀጠቀጥ እግር በጭካኔ አይድንም። እህቴ፣ ደምሽን ተመርመሪ፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው ፌሪቲንም ይታይልሽ። ሄሞግሎቢኗ ደህና ሆኖ የብረት ክምችቷ የተሟጠጠ ሯጭ ብዙ ናት፣ የወር አበባ ሲጨመር ይብሳል። ሳትመረመሪ የብረት ክኒን አትጀምሪ። ሻይና ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው።

የጃንሜዳው፦ ቀዝቃዛ ውሃውን አትርሺ።

ሱሉልታ27፦ የነገ ኢንተርቫልስ? አሰልጣኜ ይቆጣል።

ኮሮኮንች፦ ይቅር። ደረጃ ላይ የሆንሽውን እንደነገርሽን ለእሱም ንገሪው። ነገ እረፊ፣ አርብ 30 ደቂቃ በወሬ ፍጥነት። ቅዳሜ ከአልጋ ሳትነሺ የልብ ምትሽን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ከለመድሽው በ10 ያህል ከበለጠ እሁድን ተዪው። ስንት እንደሆነ ጻፊልን።