ለአማርኛ መጽሔት ድረ ገጽ የትኛው የጽሑፍ ማስገቢያ ኤዲተር ይሻላል?

ብራና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአማርኛ ብቻ የሚዘጋጅ የአንድ ማኅበር መጽሔት ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። የይዘት ማስተዳደሪያውን በላራቬል (በድረ ገጽ መሥሪያ የኮድ ማዕቀፍ) የሠራነው ራሳችን ነን፤ ጽሑፍ የምናስገባበት ቦታ ግን እስካሁን ምንም መሣሪያ የሌለው ባዶ ሳጥን በመሆኑ፣ ንዑስ ርእስ ወይም ሊንክ ለማስገባት እንኳ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ) የሚያውቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ስለሆንኩ አንድ ጽሑፍ እጄ ላይ ሦስትና አራት ቀን የሚያድርበት ጊዜ አለ። ጸሐፊዎቻችን በጉጉት የላኩት ሥራ በእኔ ምክንያት ሲዘገይ ያሳዝነኛል።

አሁን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እንዲያስገቡ ኤዲተር ለመግጠም ወስነን ታይኒኤምሲኢን፣ ሲኬኤዲተር 5ን እና ክዊልን እየተመለከትኩ ነው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በዎርድ ጽፈው ኮፒ አድርገው ይለጥፋሉ፤ ወጣቶቹ በስልክ ይጽፋሉ፤ አንድ አንጋፋ አባታችን ደግሞ ለረጅም ዓመታት የለመዱትን የቀድሞውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፓወር ግዕዝን አልተዉም። ባለፈው ወር አንዱን ኤዲተር ለሙከራ ገጥሜ ከዎርድ አንድ ጽሑፍ ብለጥፍ የፊደሉ መጠን በየአንቀጹ ተለያየብኝ፤ ምንጩን ስከፍተውም «ነው።» የምትል አንዲት ቃል በሦስት የስታይል ታጎች (የጽሑፍን መልክ በሚወስኑ የኮድ ምልክቶች) ተጠቅልላ አገኘኋት። ከዚህ በፊት የገባውና በእጄ ኮድ እየጻፍኩ ያስተካከልኩት የቆየ ጽሑፍም ብዙ ነው። በአማርኛ ይዘት ላይ ከእነዚህ አንዱን ለረጅም ጊዜ የተጠቀማችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምንጭ ኮድ

ሰላም ብራና። ሦስቱም በብዙ ድረ ገጾች ላይ የተፈተኑ ናቸው፤ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ከውጭ የመጣን ጽሑፍ ሲቀበሉ ነው። ታይኒኤምሲኢ የተለጠፈለትን ኤችቲኤምኤል በአመዛኙ እንዳለ ይዞ የሚቆይ ሲሆን፣ ክዊልና ሲኬኤዲተር 5 ግን የየራሳቸው የሰነድ አወቃቀር ስላላቸው ጽሑፉን ወደዚያ ይመልሱታል፤ የማያውቁትን ይጥሉታል። የፊደል ዓይነትና መጠን መቀየሪያውን ካልጫኑላቸው ወይም ከከለከሏቸው፣ ያቺ «ነው።» ያለ ምንም መጠቅለያ ትገባለች።

ዋናው መንገዳችሁ ከዎርድ መለጠፍ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ታይኒኤምሲኢ እትም 6 ሲወጣ፣ ከዎርድ የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያጸዳው ክፍል ከነጻው ጥቅል ወጥቶ በክፍያ በሚገኘው ማስፋፊያ ብቻ ቀርቷል። በሲኬኤዲተር 5 ግን ከኦፊስ ለሚለጠፍ ጽሑፍ የተዘጋጀው መሠረታዊ ክፍል ከነጻው ጋር ይመጣል። ክዊል ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሠንጠረዥ ያገኘው በእትም 2 ሲሆን እሱም ገና መሠረታዊ ነው። መጽሔታችሁ ሠንጠረዥ የሚያዘወትር ከሆነ ይቸገራሉ።

እጅግ የምሰጋው ግን ስለ ቆየው ጽሑፋችሁ ነው። የማያውቁትን የሚጥሉ ኤዲተሮች አዲሱን ጽሑፍ ንጹሕ የሚያደርጉበት ያው ጠባያቸው አሮጌውን ሊያጠፋው ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት በእጅዎ ልዩ ታግ ያስገቡበትን ጽሑፍ ሲኬኤዲተር 5 ውስጥ ከፍተው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አርመው ቢያስቀምጡት፣ ኤዲተሩ የማያውቀው ታግ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ይህ በእኔ ላይ ደርሶ የግርጌ ማስታወሻ ምልክቶች በሙሉ ጠፍተውብኛል፤ ያወቅሁትም ከብዙ ሳምንት በኋላ አንባቢ ሲጽፍልኝ ነው። ሲኬኤዲተር 5 ማንኛውንም ኤችቲኤምኤል እንዲቀበል የሚያደርግ ተጨማሪ ክፍል ስላለው ለአሮጌዎቹ ጽሑፎች እሱን ይክፈቱላቸው፤ ከዚያም በፊት በየማስቀመጡ የቀድሞው ቅጂ በዳታቤዝ እንዲቀመጥ ያድርጉ።

ስለ ፈቃዱም ላንሣ። ታይኒኤምሲኢ በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው እትም 7 ጀምሮ በጂፒኤል (በነጻ በሚሰጥ፣ ከእሱ ጋር ተሠርቶ የሚሰራጨው ሥራ ግን በዚያው ፈቃድ እንዲከፈት በሚያስገድድ ፈቃድ) ሆኗል፤ ሲኬኤዲተር 5ም በጂፒኤል ወይም በክፍያ ነው፤ ክዊል ግን ይበልጥ ልል በሆነው ቢኤስዲ ነው የሚሰጠው። ማስተዳደሪያውን ወደፊት ለሌላ ድርጅት የመሸጥ ሐሳብ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አንብቡት።

በመጨረሻም ኤዲተሩ የሚሠራው በጸሐፊው አሳሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ጎጂ ኮድ እንዳይገባ በእሱ ላይ አይተማመኑ። የሚመጣውን ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ እንደ ኤችቲኤምኤል ፑሪፋየር ባለ ማጣሪያ ማሳለፍ ግዴታ ነው።

አምድ አዘጋጅ

እኔ የምመለከተው ከአዘጋጅነት ወገን ነው። አባታችን የሚጽፉበት የቀድሞው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) አይደለም፤ ሰነዱ ውስጥ የሚቀመጡት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሲሆኑ፣ ፎንቱ ነው እንደ ግዕዝ ፊደል የሚያሳያቸው። ስለዚህ ጽሑፋቸው ዎርድ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የፎንቱን ስም የሚያጸዳ ኤዲተር ውስጥ ሲለጠፍ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ኤዲተሩን ይወቅሳል። የፎንቱን ስም የሚተው ኤዲተር ብትመርጡ ደግሞ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አንባቢ ብቻ ያነበዋል፤ በፍለጋም አይገኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነውና ከእንግዲህ በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ሁሉ ሳይለወጥ ወደ ድረ ገጹ መግባት የለበትም። የእሳቸውን ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ አንድ ሰው መድቡ።

ስለ አዝራሮቹ ደግሞ አጥብቄ የምለምነው አለ። የማዘንበያውን አዝራር አውጡት። የግዕዝ ፎንቶቻችን የተለመደ ዝንባሌ ቅርጽ ስለሌላቸው አሳሹ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፤ ውጤቱም አያምርም። ከሥር ማስመሪያውንም እንዲሁ አውጡት፤ «ሲ»ን ከ«ሴ» የሚለየው ምልክት እግራቸው ላይ ስለሆነ መስመሩ በዚያ በኩል ሲያልፍ በትንሽ ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። የፊደል ቀለምና መጠን መቀየሪያም አያስፈልግም። ንዑስ ርእስ፣ ማድመቂያ፣ ሊንክ፣ ጥቅስ፣ ዝርዝር፣ ሥዕልና መቀልበሻ ካሉ ለመጽሔት በቂ ነው።

ሥዕልን በተመለከተ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ፎቶ ወደ ሰርቨሩ እንዲጫን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ በቤዝ 64 (ወደ ፊደላትና ቁጥሮች ተቀይሮ) እንዲቀመጥ አትፍቀዱ። 3 ሜጋባይት የነበረ ፎቶ እንዲህ ሲቀመጥ 4 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ገጹ ሳይከፈት ይቀራል።

ቀለም

የቀደሙት ሁለቱ መልሶች ትክክል ናቸው፤ እኔ ግን ኤዲተሩን ለብቻው ገጥሞ መንከባከቡ ራሱ የማያልቅ ሥራ መሆኑን ላስታውስ። እኛ በመጨረሻ ወደ ዎርድፕረስ ተዛውረናል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው እትም 5.0 የመጣው ባለ ብሎክ ኤዲተር ለጀማሪ ጸሐፊ መጀመሪያ ላይ ግራ የሚያጋባ ነው፤ የእኛዎቹ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ከለመዱት በኋላ ግን ሥዕሉንም ጥቅሱንም ያለ እርዳታ ያስገባሉ። በአማርኛ ርእስ ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ሊንኩ ውስጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ስለሚለወጥና ዎርድፕረስ 200 ላይ ስለሚቆርጠው፣ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው የርእሱ ክፍል ከሊንኩ ይጠፋል። ሊንኩን በአጭሩ በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ብራና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ዎርድፕረስ ለመዛወር አሁን አቅሙ የለንም፤ ስለዚህ ክዊልንና ሲኬኤዲተር 5ን በሙከራ ገጽ ላይ ገጥሜ ሦስት ጸሐፊዎች በየራሳቸው መሣሪያ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንዲያስገቡ አደረግሁ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠውን ምንጭ ከፍቼ አነበብኩ። ከዎርድ የመጣው ባለ ሠንጠረዥ ጽሑፍ ሳይበላሽ የገባው በሲኬኤዲተር 5 ነው። በስልክ የጻፈችው እኅታችን «ሰላም» ብላ ጽፋ መካከለኛዋን ፊደል ስታጠፋ በሁለቱም ላይ ጠቋሚው ቦታውን አልሳተም። የአባታችን ጽሑፍ እንደተባለው በላቲን ፊደል ወጣ፤ እሳቸውም ሲያዩት ደነገጡ፤ ምክንያቱን ሳስረዳቸው ግን የዩኒኮዱን ኪቦርድ እንዳሳያቸው ራሳቸው ጠየቁኝ።

ሲኬኤዲተር 5ን መርጠናል፤ አዝራሮቹ አምድ አዘጋጅ የዘረዘራቸው ሰባቱ ናቸው፤ ለሠንጠረዥ አንድ ብቻ ጨምሬያለሁ። የቆዩት ጽሑፎች ቅጂያቸው ተለይቶ እስኪቀመጥ ድረስ በአዲሱ ኤዲተር እንዳይከፈቱ ዘግቻቸዋለሁ። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንድ ጸሐፊያችን ከጅማ በስልኩ አስገብቶ ጠዋት ላይ አወጣነው፤ እኔ ያረምኩለት አንድ ሊንክ ብቻ ነው።