10 ሚሊኪዩሪ እንዴት 370 ሆነ?

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የታይሮይድ ሕመም አለባት። እንቅርቱ የቆየ ነው፣ አሁን ግን ልቧ ይመታል፣ ሰውነቷ ከሳ፣ በእኛ ከተማ ብርድ እንኳ ያልባታል። አዲስ አበባ የሚከታተላት ሐኪም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ትውሰድ አለ። ማዘዣው ላይ 10 ሚሊኪዩሪ ይላል። ቀጠሮ ስናሲዝ የተሰጠን ሌላ ወረቀት ደግሞ 370 ይልና ኤም፣ ቢ፣ ኪው የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይከተላሉ። 10 የነበረው 370 ሲሆን ደነገጥኩ። ስልኬ ላይ ስፈልግ ጭራሽ ሲቨርት፣ ሬም፣ ራድ፣ ግሬይ የሚባሉ ተደረደሩብኝ። ጨምረውባት ይሆን? እሷ ደግሞ “ጠበሉ ይሻለኛል” ማለት ጀምራለች፣ እኔ ራሴ እየፈራሁ እንዴት ብዬ ላሳምናት?

መልስ 1፦ ዝም አልልም

ሁለቱም ላይ ኤም አለ አይደል? ሚሊ ማለት ነው። ከ10 ወደ 370 ማለት 37 እጥፍ ነው። እኔ ብሆን እናቴን አላስወስዳትም ነበር።

መልስ 2፦ የመሐል ሜዳው መምህር

ኧረ ባክህ ሰው አታስደንግጥ! አልጨመሩባትም። ያው አንድ መጠን ነው፣ የተጻፈበት መለኪያ ነው የተለያየው። አባቴ መሬቱን ሲጠይቁት “አራት ጥማድ” ይላል፣ ደብተሩ ላይ አንድ ሄክታር ተብሎ ተጽፏል። ከአራት ወደ አንድ ስለወረደ ማንም ከመሬቱ አልቆረሰበትም።

ወረቀቱ ላይ ቢ፣ ኪው የሚለው ቤኬሬል ነው። ቤኬሬል ማለት በአንድ ሰከንድ አንድ አቶም ሲፈርስ ነው። በጣም ትንሽ መለኪያ ናት። አንተ ራስህ በሰውነትህ ካለው ፖታሲየም ብቻ ከ4 ሺህ ቤኬሬል በላይ ይዘህ ነው የምትዞረው። ኪዩሪ ደግሞ የድሮው መለኪያ ነው፣ መነሻው አንድ ግራም ራዲየም በሰከንድ የሚፈርሰው መጠን ነበር፤ ስለዚህ በጣም ትልቅ ነው፣ 37 ቢሊዮን ቤኬሬል። ቤኬሬል ይፋዊ መለኪያ የሆነው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሐኪሞች ግን ኪዩሪን እስከ ዛሬ አልለቀቁትም፣ ለዚህ ነው አንዱ ወረቀት በአዲሱ ሌላው በድሮው የሚጻፈው።

አሁን ስሌቱ። ሚሊ ማለት አንድ ሺህኛ ነው። 37 ቢሊዮንን ለሺህ ስታካፍለው 37 ሚሊዮን፣ ማለትም 37 ሜጋ ቤኬሬል። በ10 አባዛው፦ 370። አለቀ።

“ዝም አልልም” የተሳሳተው ኤሙ ላይ ነው። ትንሹ ኤም ሚሊ ነው፣ ትልቁ ኤም ሜጋ ነው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ቢሊዮን እጥፍ ነው። ወረቀቱ እውነት 370 ሚሊ ቤኬሬል ቢል ኖሮ በሦስት ሰከንድ አንድ አቶም ገደማ ነበር የሚፈርሰው፣ እሱ እንኳን እንቅርት ትንኝም አያክም።

ጠያቂ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቁ ኤም ነው፣ አሁን አየሁት። ታዲያ 370ው ስንት ሲቨርት ይሆናል? በስንት ላባዛው?

መልስ 2፦ የመሐል ሜዳው መምህር

በምንም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ምድጃ ላይ የሚነደውን ኩበት አስብ። እሳቱ ስንት ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ አንተን ስንት ሞቀህ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ከእሳቱ ምን ያህል እንደራቅክ፣ ምን ያህል እንደቆየህ፣ የመንዝ በርኖስ መሃል ላይ መጋረዱንና አለመጋረዱን ሁሉ ይጠይቃል። ኪዩሪና ቤኬሬል የእሳቱ ናቸው። ግሬይና ራድ አካል ውስጥ የገባውን ኃይል ይለካሉ። ሲቨርትና ሬም ደግሞ ያ የገባው ኃይል በሰው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ለመገመት ናቸው፣ ምክንያቱም አልፋ የሚባለው የጨረር ዓይነት ጋማ ከሚባለው ጋር በእኩል ኃይል ቢገባም ጉዳቱ በ20 እጥፍ ነው የሚታሰበው።

እርስ በርስ የሚቀየሩት ጥንዶቹ ብቻ ናቸው። 100 ራድ አንድ ግሬይ፣ 100 ሬም አንድ ሲቨርት። እንደ ኪሎና ኩንታል ያዘው። ከቤኬሬል ወደ ሲቨርት ለመሄድ ግን የንጥረ ነገሩን ዓይነት፣ የገባበትን አካልና የቆየበትን ጊዜ ማወቅ አለብህ፣ ያ የሐኪሞቹ ስሌት ነው፣ አንተ ከስልክህ ቁጥር እየለቀምክ ራስህን አታስጨንቅ።

መልስ 3፦ ነርሷ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ መምህሩ ስሌቱን ጨርሶልሃል፣ እኔ ስለ ቤቱ ልንገርህ። እናትህ የምትወስደው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ አዮዲን 131 የሚባለው፣ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። 370 የነበረው በ8 ቀን 185፣ በ16 ቀን 92 ገደማ፣ በ24 ቀን 46 ገደማ። በተግባር ከዚህም ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ታይሮይዱ ያልያዘው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽንት ይወጣል። ምራቅና ላብ ውስጥም አለ። ስለዚህ ለጊዜው ጉርሻ የለም! አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት የለም፣ ብርጭቆዋና ማንኪያዋ ለብቻ ይሁኑ፣ ሽንት ቤት ውሃ በደንብ ይለቀቅ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ። ስንት ቀን የሚለውን ሐኪሟ ነው የሚነግራችሁ፣ እንደ መጠኑና እንደ ቤታችሁ ሁኔታ ይለያያል። ከባዱ ነገር ጠያቂ ዘመድ ነው፣ “እንኳን ማረሽ” እያለ ሊስማት የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ የሚመልስ ደፋር ሰው ፈልግ።

መልስ 4፦ ራጅ ክፍል

እኛ ጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የድሮ ሠንጠረዥ በሚሊሬም ነው፣ ደረታችን ላይ የምናደርገው መለኪያ ውጤት በሚሊሲቨርት ይመጣል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ አንዴ ይደነግጥበታል። 1 ሚሊሲቨርት 100 ሚሊሬም ነው። ተፈጥሮ ራሷ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ትሰጠናለች። በነገራችን ላይ ከፍታ ሲጨምር ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ይጨምራል፣ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ሰዎች ብርዱንም ጨረሩንም ከሸዋ ሮቢት አስበልጣችሁ ነው የምትወስዱት 😄

መልስ 1፦ ዝም አልልም

እሺ፣ ኤሟን አላየኋትም። ይቅርታ ወንድሜ።

ጠያቂ፦

ምንም አይደል፣ እኔም አላየኋትም። ዛሬ ማታ የጥማዱን ነገር ለእናቴ ነገርኳት፣ ወዲያው ገባት፣ “ታዲያ እንዲህ አትለኝም ነበር?” አለችኝ። ስለ ጨረሩ ድጋሚ አልጠየቀችም። አሁን ያስቸገረችኝ ሌላ ነው። የልጅ ልጇ ከጎኗ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ስንት ሌሊት ተለይታት እንደምታድር ሰኞ ደውዬ ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ።