ያገለገለ የምግብ ዘይት በዶልፊን መኪና ላይ፦ ይሠራል ወይስ ሞተር ይገድላል?

ጥያቄ፦ የሽሮ ሜዳው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖና ድንች ጥብስ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። እኔ 5ኤል ሞተር ባለው ቶዮታ ሃይኤስ፣ በተለምዶ ዶልፊን በምንለው መኪና፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ዕቃ አመላልሳለሁ። እናቴ ብዙ የተጠበሰበትን ዘይት መልሳ ለሰው ማብላት ስለማትፈልግ ትደፋዋለች። የሁለት ጎረቤቶቻችን ሲጨመርበት በሳምንት ወደ 40 ሊትር ይደርሳል። እስካሁን የሚደፋው ቦይ ውስጥ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ግን ቦዩ በረጋ ዘይት ተደፍኖ ጎርፉ ግቢያችን ገባ።

በውጭ አገር ሰዎች ይህን ዘይት በናፍጣ ፈንታ እንደሚጠቀሙበት ሰምቻለሁ። ለሙከራ ያህል በጨርቅ አጥልዬ በጠርሙስ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሳየው ግማሹ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ዘይቱን በደንብ አጣርቼ ከናፍጣ ጋር ብቀላቅለው ሞተሩን ይጎዳዋል? መኪናው የቤተሰቡ መተዳደሪያ ስለሆነ በግምት መሞከር አልፈልግም።

መልስ፦ ፖምፓ ሠሪው

ወንድሜ፣ የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል ስጠግን 18 ዓመት ሆኖኛልና የማውቀውን ልንገርዎ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ያ ሞተር ግን በዝግታ የሚዞር የድሮ ሞተር ነበር፤ የዛሬው ፖምፓና ኖዝል የተሠሩት ለቀጭን ናፍጣ ነው።

ዋናው ችግር ውፍረቱ ነው። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምግብ ዘይት ከናፍጣ ከ10 እጥፍ በላይ ወፍራም ነው። ኖዝሉ ነዳጁን እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ወፍራሙን ዘይት እንደ ክር ይተፋዋል። በደንብ ያልነደደው በኖዝሉ ጫፍ ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል፣ የፒስተን ፋሻዎችንም ያጣብቃል፤ የቀረው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይደባለቃል። ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ቢወርድ ሞተሩ ሲግል ከፊሉ ይተናል፤ የምግብ ዘይት ግን አይተንም፤ እዚያው እየተጠራቀመ ዝልግልግ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ የሞተር ዘይቱ መፍሰስ ያቆመበት ሞተር ከፍቼ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ለወራት ምንም ችግር ስላላየ አደጋ የለውም ብሎ አምኖ ነበር።

ለእርስዎ የሚያግዝዎት ሞተርዎ አሮጌ ዓይነት መሆኑ ነው። በ5ኤል ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ስለሚረጭ ለአረጫጨት ጉድለት የተሻለ ትዕግሥት አለው። ነዳጁ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭበት ኮመን ሬል መኪና ቢኖርዎት ኖሮ ፈጽሞ አይንኩት እልዎት ነበር። ሆኖም የእርስዎም ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ነው፤ ስለዚህ ከድንቹ የወጣ ውኃና ጨው ከዘይቱ ጋር ከገባ ዝገት ይጀምራል፣ ጠዋት በብርድ የሚገባ ወፍራም ዘይት ደግሞ ፖምፓውን ያስጨንቀዋል።

አሁን ስለ ጠርሙስዎ። የረጋው ነጭ ነገር የፓልም ዘይት ነው፤ በሽሮ ሜዳ ብርድ ፊልትሮውን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የኑግ ወይም የሱፍ አበባ ዘይት ቢሆን አይረጋም፤ ሌላ ጣጣ ግን አለው። እነዚህ ዘይቶች አየርና ሙቀት ሲያገኙ እንደ ቫርኒሽ የሚደርቁ ናቸው፤ የተልባ ዘይት ለቀለም ሥራ የሚመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሞተር ዘይት ውስጥ ሲገቡ ከፓልም ፈጥነው የሚወፍሩት ለዚህ ነው። አገራችን የምትጠብስባቸው ዘይቶች እንዲህ በሁለት ጠርዝ የቆሙ በመሆናቸው የውጭ አገር ሰው የሚሰጠውን ምክር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ መሆኑም የማቃጠሉን ሥራ ያከብደዋል።

መልስ፦ ከበርሚንግሃም

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ በአሮጌ መርሴዲስ 300ዲ ለአራት ዓመት ያህል በዚህ ዘይት ነድቻለሁ፤ ነገር ግን እዚህ እንግሊዝ ጠባሾቹ በብዛት የሚጠቀሙት የጎመን ዘር ዘይት ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቶሎ አይረጋም። ሕጉም ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓመት ከ2,500 ሊትር በታች የሚያዘጋጅ ሰው የነዳጅ ቀረጥ አይከፍልም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ በመንገድ ላይ የሚነዳ ነዳጅ ሁሉ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ አለበት፤ ጥሬው የምግብ ዘይት አልተመዘገበም።

የተጠቀምኩበት መንገድ ሁለት ታንከር ነው፤ አንዱ ለናፍጣ፣ ሁለተኛው ለምግብ ዘይቱ። መኪናው በናፍጣ ይነሣል፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው ትኩስ ውኃ በሁለተኛው ታንከርና በቱቦው ዙሪያ እየዞረ ዘይቱን ያሞቀዋል፤ ዘይቱ 70 ወይም 80 ዲግሪ ሲደርስ ሞተሩ በቫልቭ ከናፍጣ ወደ ዘይቱ ይቀየራል። መኪናውን ከማቆም አስቀድሞ ወደ ናፍጣ መልሶ ጥቂት ደቂቃ መንዳትና ፖምፓውንና ኖዝሉን ማጠብ ግዴታ ነው። አንድ የጥር ምሽት ደክሞኝ ሳላጥበው አቆምኩት፤ በማግስቱ ሞተሩ አልነሣም አለ፤ ፖምፓው ተፈትቶ እስኪጸዳ ሁለት ሳምንት በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የሞተር ዘይቱን የምቀይረው በግማሽ ዕድሜው ነበር።

ስለ ማጣራት አንድ ነገር ልጨምር። ጨርቅ ፍርፋሪን ይይዛል እንጂ ውኃን አይለይም። ዘይቱን ወደ 60 ዲግሪ አሙቁትና ረጅም በርሜል ውስጥ ሳይነካ አንድ ሳምንት አስቀምጡት፤ ውኃውና ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ያለውን ብቻ ቀድታችሁ ባለ 5 ማይክሮን ፊልትሮ አሳልፉት። ውኃ መጥፋቱን ለማወቅ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ጠብታ መጣል ይበቃል፤ የሚንጫጫ ከሆነ ገና ነው።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ጠያቂያችን ሁለተኛ ታንከር ከመግጠም ይልቅ ዘይቱን ራሱን ወደ ባዮዲዝል መለወጥ ቢያስቡበት እመርጣለሁ። ዘይት ማለት በአንድ ግሊሰሪን ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት የሰባ አሲድ ሰንሰለቶች ናቸው። ሜታኖል የሚባለው አልኮልና ኮስቲክ ሶዳ ሲገቡ ሦስቱ ሰንሰለቶች ከግሊሰሪኑ ተላቀው ከሜታኖሉ ጋር ይጣመራሉ፤ የሚገኘውም ፈሳሽ ውፍረቱ ለናፍጣ የቀረበ ነው። ለ1 ሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይገባል፤ በ55 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ሰዓት ይማሰላል፤ ካደረ በኋላ ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች ይቀመጣል። ከላይ ያለው በውኃ ታጥቦ ይደርቃል።

የኮስቲክ ሶዳውን መጠን የሚወስነው ዘይቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ነው። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ይሟሟል። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ተበጥብጦ ቁንጥር እርድ ይገባበታል። ኮስቲክ ሶዳ ከሟሟበት ውኃ እየተንጠባጠበበት ቢጫው ወደ ቀይ ተለውጦ ሲጸና የፈሰሰው ሚሊ ሊትር ይቆጠራል፤ በዚያ ቁጥር ላይ 3.5 ሲደመር ለአንድ ሊትር ዘይት የሚያስፈልገው ግራም ይገኛል። እርድ ከወጥ ቤታችን ወጥቶ ይህን ያህል ታማኝ መለኪያ መሆኑን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይወዱታል።

አጥብቄ የማሳስበው ስለ ሜታኖል ነው። በትንፋሽም በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል፣ እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም። እናትዎ በሚጠብሱበት ቤት ይቅርና ልጆች በሚውሉበት ግቢ ውስጥ አይከፈትም። በእርሱ ፈንታ አረቄ መጠቀምም አይሆንም፤ አረቄው ውስጥ ያለው ውኃ ዘይቱን ሳሙና ያደርገዋል።

ከፓልም ዘይት የተሠራ ባዮዲዝልም ቢሆን ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ሙቀት መደፍረስ ይጀምራል። የታኅሣሥ ማለዳ በሽሮ ሜዳ ከዚያ በታች ስለሆነ 20 እጅ ባዮዲዝል ለ80 እጅ ናፍጣ መቀላቀል ይሻላል። መጀመሪያ ላይ የታንከሩን የቆየ ቆሻሻ አጥቦ ስለሚያመጣ ፊልትሮ በቅርብ መያዝ፣ የተፈጥሮ ጎማ ቱቦዎችንም መቀየር ያስፈልጋል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሜታኖሉ አስፈርቶኛል። መምህር ያሉትን ቅልቅል በጥሬው ዘይት ብሞክረውስ፣ ማለትም ውኃው የወጣለትንና የተጣራውን ዘይት 20 ከመቶ ብቻ ወደ ናፍጣው ብጨምር?

መልስ፦ ፖምፓ ሠሪው

20 ከመቶ ጥሬ ዘይት ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ መኪናዎ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው ብለዋልና እኔ አልመክርዎትም። በሳምንት የሚሰበስቡት 40 ሊትር አንድ ፖምፓ ለማሠራት የሚወጣውን ገንዘብ ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ሜታኖሉን በጥንቃቄ የሚይዝ ሰውና ከቤት የራቀ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ዘይቱን ለሳሙና ሠሪዎች ይስጡት፤ ቦዩም ይተርፋል። እስከዚያው ጎረቤቶችዎን አንድ ነገር ይለምኑልን፤ የፓልሙንና የኑጉን ዘይት በተለያየ ጀሪካን ያጠራቅሙ። መምህር የነገሩዎትን የእርድ ፍተሻ ከሁለቱም ላይ ሠርተው ቁጥሩን እዚህ ቢጽፉልን፣ ባዮዲዝሉን ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል አብረን እናያለን።