ግራ ጆሮዬ አልከፈት አለ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ዛንዚባር ነኝ፣ ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) እየተማርኩ። በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ከላይ ሆኜ እዚሁ ያለችውን የምኔምባ ደሴት ዓሦች ስመለከት ደህና ነኝ። ችግሩ ስወርድ ነው። 3 ሜትር ገደማ ላይ ግራ ጆሮዬን እንደ ወስፌ ይወጋኛል። አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ እነፋለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ። ቀኙ ጧ ይላል፣ ግራው ወይ ፍንክች! አስተማሪዬ ትንሽ ወደ ላይ ተመልሰህ ሞክር ይለኛል፣ እሱም አልሠራም። ጉንፋን የለብኝም። በኃይል ልንፋው ብል ታምቡሩ እንዳይቀደድ ፈራሁ። እንዲህ የገጠመው ምን በጀው? ሐኪም ልይ ወይስ ይለመዳል?

ደግሞ በረራዬ ደርሷል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት፣ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለሷ ስንት ሰዓት ልጨምር?