ፍሮይድ ከመግቢያ ሳይኮሎጂ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ ያነሳችው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመግቢያ ሳይኮሎጂ ተማሪ ሁሉ ኢድ፣ ኢጎ፣ ሱፐርኢጎ እያለ ይሸመድዳል። ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ የሰውን አእምሮ የከፈለባቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ደመ ነፍሳዊ ፍላጎት፣ አመዛዛኙ እኔነት እና ህሊና። ፈተና ላይም ይመጣል። እነዚህ ሦስቱ መኖራቸውን በሙከራ ያሳየ ግን የለም። ፍሮይድ ሐሳቡን ያወጣው በአብዛኛው ታካሚዎቹ ከነገሩት ነው። ክፍለ ጊዜው ለአንጎል ሳይንስ ቢሰጥ አይሻልም? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
እኔም ካንቺ ጋር ነኝ። በ1861 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ፖል ብሮካ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም «ታን» ከማለት ያለፈ ቃል እምብዛም የማይወጣው ታካሚ ደረሰው። ሰውየው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ። በግራ በኩል ወደ ፊት ያለው ክፍል ተጎድቶ አገኘው። ይኼ የሚጨበጥ ነገር ነው። ሱፐርኢጎን የት ብለን እንፈልገው?

መምህር፦
ይህን ኮርስ ለዓመታት ስላስተማርኩ ጉዳዩ ይቆረቁረኛል። ፍሮይድ በብዙ ነገር ተሳስቷል፤ አልከላከልለትም። ግን «ሐሳቡ አይፈተንም» ብላችሁ አትለፉት። አሮን ቤክን ተመልከቱ። በፍሮይድ መንገድ የሠለጠነ ሐኪም ነበር። ፍሮይድ ድባቴን ወደ ራስ ከዞረ ቁጣ ጋር ያያይዘው ነበር። ቤክ ይህን ላረጋግጥ ብሎ ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ሕልም መረመረ። የጠበቀውን ቁጣ አላገኘም። ያገኘው ማጣትን፣ መሸነፍን፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ማየትን ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ኮግኒቲቭ ቴራፒ (የተዛባ አስተሳሰብን በማረም የሚያክም የንግግር ሕክምና) ከዚያ ተነሣ። ፍሮይድን ካወጣችሁት፣ ቤክ ከየትኛው ሐሳብ ጋር ታግሎ እዚህ እንደደረሰ እንዴት ትነግሩናላችሁ?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን እሱ የታሪክ ትምህርት ነው። ሳይንሱ ያለው አንጎሉ ውስጥ ነው።

ነርስ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን አስታምሜአለሁ። የአንጎል ፎቶ ብቻውን ሰውየው ምን እንደጎደለበት አይነግርህም። የሄንሪ ሞላይሰንን ነገር አስብ። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ለማስታወስ የሚያገለግል ክፍል ጨምሮ ብዙ ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይዝም። አሁን ያነጋገረውን ሰው ትንሽ ቆይቶ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ አንድ ቀላል ሥራ ሰጠችው። እጁን በመስታወት ብቻ እያየ በኮከብ ቅርጽ መስመሮች መካከል እንዲሥል። ለማንም ከባድ ነው፤ እጅ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። እሱ ግን ለሦስት ቀን ሲደጋግም እየተሻሻለ መጣ። ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን ምንም አያስታውስም! እጁ የተማረውን እሱ አያውቅም። ማስታወስ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ያየነው በእርሳስ፣ በወረቀትና በመስታወት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

መምህር፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ በአንጎል መቃኛ ማሽን ውስጥ አስገቡ። የሰዎች ፎቶ አሳዩት። ስሌቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ ማሽኑ በሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «እንቅስቃሴ» ያሳያል። ማሽኑ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ተማሪ ባለቀለም ምስል ሲያይ እንደ ፍሮይድ ቃል ዝም ብሎ እንዳይቀበል ነው።

ጥያቄ ያነሳችው፦
እውነቱን ልናገር፣ ቤክ የተነሣው ከዚያ መሆኑን ሳልሰማ ነው ኮርሱን የጨረስኩት። ሦስቱን ቃላት ግን እስካሁን አልረሳኋቸውም። ያንገበገበኝ ሽምደዳው ነው። ፍሮይድ ይቆይ፤ ግን ከነፈተናውና ከነውድቀቱ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
እኔ አሁንም በሰዓቱ ጉዳይ አልተስማማሁም። እኛ ስንማር ለፍሮይድ ሙሉ ሁለት ሳምንት ተሰጠው። ሚልነር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈች። የመስታወቱን ሙከራ እኮ ዛሬ ከነርሷ ነው የሰማሁት። መምህር፣ እሱን ክፍል ውስጥ ብንሞክረው አንድ ሰዓት ይበቃናል?

መምህር፦
ይተርፋል። መስታወቱን እኔ አመጣለሁ።